ቦዩን የደፈንነው እኛ ነን

የአዴ ሎሚን ቤት የጓሮ ግድግዳ ሦስት ጊዜ መርጌአለሁ። የመጀመሪያው ባላቸው ኦቦ ታፋ በሕይወት እያሉ፣ ቤቱ አዲስ ሆኖ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በውሃ ምክንያት ነው። የምጽፈው ስለ ሁለቱ ነው።

ስሜ ነመራ ነው፤ ጭቃ መራጊ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነው። የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ሳወራ ግን በእኛ በኦሮሞዎቹ ቋንቋ ይቀለኛል። በዚያ ውሃ ምክንያት ከተነሣው ክስ ወዲህ ጎርፍ ቤቱ የገባበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሌላ ከተማ ከሆነችው ከጉቴም ድረስ መጥተው ያውቃሉ። «እንዴት አድርጋችሁ ነው ያሸነፋችሁት?» ይሉኛል። ሰው ፊት ፊቴን ሲያየኝ ደግሞ ቃል ይጠፋብኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር ጨመዳ «እንግዲያው ጻፈውና ስጣቸው» አለኝ። የተሳሳተ ፊደል ብታገኙ እለፉት። ነገሩ ግን የሆነው እንደዚህ ነው።

አዴ ሎሚ ቤታቸው ነቀምቴ ውስጥ ቡርቃ ጃቶ በኩል፣ ከቁልቁለቱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሴት አዴ ትባላለች፣ ትልቅ ወንድ ኦቦ ይባላል። ቅቤ ይሸጣሉ። ቅቤያቸውን ሰው ሳያሸት ይገዛል፣ እንዲያ የታመኑ ናቸው። ምላሳቸው ግን ቅቤ አይደለም። እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንተ አፍ የለሽ» ነው የሚሉኝ። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል «ይሄ ልጅ ሚስቱን እንዴት አድርጎ ጠየቃት? በጭቃ ጽፎ ነው?» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ። አልከፋኝም። እሳቸው ሲሉት አይከፋም።

ኦቦ ታፋ ቤቱን ከመሥራታቸው በፊት የቆፈሩት ቦይ ነበር። ከቦታው በላይ በኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክመው አምጥተው ታቹን አነጠፉት። ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ በዚያ ይሄድና ወደ ሸለቆው ይገባል። «ውሃ እንግዳ ነው። መንገድ ካላሳየኸው ጓዳ ይገባል» ይሉ ነበር ኦቦ ታፋ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ አዴ ሎሚ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቦዩን ራሳቸው ይጠርጉ ነበር። ልጃቸው ድርቤ ጊምቢ ባል አግብታለች። «ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» ትላቸዋለች። «የሰው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ መንገደኛ ልቁጠር?» ይሏታል። ከዚያ ቤት ሌላ የእኔ የሚሉት ነገር የላቸውም።

ረዲ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን አስቀድሜ ልጻፍ። ብዙ ሥራ ሰጥቶኛል። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከአዴ ሎሚ በላይ ያለውን ቦታ ገዛና የቡና ማስጫና መጋዘን ልሥራ አለ። ቦታው ዳገት ስለሆነ መደልደል ነበረበት። የቀን ሠራተኛ ሊቀጥር ነበር፤ የከለከሉት አዴ ሎሚ ናቸው።

«ጎረቤት እያለህ ሰው ትቀጥራለህ?» አሉት። «ደቦ ጥራ እንጂ!»

«እኔ እንግዳ ነኝ፣ ማን ይመጣልኛል አዴ ሎሚ?»

«እኔ እያለሁ ነው የማይመጣው?»

የትኛው ቤት ቀድሞ እንደሚጠራ፣ የትኛው ቤት ደግሞ ሰው ሳይልክ ራሱ መሄድ እንዳለበት አስተማሩት። በደቦው ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የማር ብርዝና ጩምቦ ሠርተው አመጡ። ጩምቦ በቅቤና በአይብ የራሰ የጤፍ ቂጣ ነው፤ ለክብር እንግዳ እንጂ ለማንም አይሠራም። ምግቡን ካስቀመጡ በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቅርጫት አንሥተው አፈር ተሸከሙ። ሌሎች ሴቶችም እሳቸውን አይተው ተሸከሙ።

ስለ ደቦ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። በእኛ ሰፈር ደቦ የወጣ ሰው ከባለ ሥራው ጋር አይከራከርም። እዚህ ቆፍር ሲሉት ይቆፍራል፣ እዚያ ጣል ሲሉት ይጥላል። በሰው ደቦ ላይ «ይሄ ልክ አይደለም» ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽራዋን እንደ መንቀፍ ነው። ሥራው የባለቤቱ ነው፣ ጉልበቱ የጎረቤት ነው፣ አሳቡም የባለቤቱ ነው። እንዲህ ነው ያደግነው።

ከቀትር በኋላ አፈሩ እየተገፋ እየተገፋ ኦቦ ታፋ ከቆፈሩት ቦይ ደረሰ። ከፊት አካፋ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ረዲ በአጠገቤ ሲያልፍ «ይሄስ?» አልኩት።

«ድፈነው። ኋላ በላይ በኩል አዲስ እናወጣለን» አለኝ።

«ኋላ መቼ?» ልለው ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዞር ስል አዴ ሎሚ ቅርጫታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላዬ ቆመዋል። ሰምተዋል። አዩኝ፣ አየኋቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ሊሉ የፈለጉ መሰለኝ። ግን ደቦውን የጠሩትም፣ ሰዉን ያመጡትም ራሳቸው ናቸው።

«ምን ትገተራለህ? ከብዶኛል» አሉኝና አፈሩን ቦዩ ውስጥ ገለበጡት። እኔም በአካፋ ደለደልኩት።

አዲሱ ቦይ አልወጣም። መጋዘኑ ተሠራ፣ ቆርቆሮ ለበሰ። ግቢው እንደ ምጣድ ለጥ አለ፣ ወደ አዴ ሎሚ ቤት ትንሽ ዘንበል ብሎ። መዘንበሉን ዓይን አያየውም፤ ውሃ ግን ያየዋል።

ክረምቱ ሲገባ ውሃው በጓሮ ግድግዳቸው ሥር መጣ። አዴ ሎሚ «ዘንድሮ ዝናቡ በዝቷል» አሉ። ምርጊቱ ከታች ጀምሮ እየተላጠ ወደቀ። መስከረም ላይ ጠሩኝና እንደገና መረግሁት። ሁለተኛው ምርጊት ይሄ ነው። እየመረግሁ ሳለሁ ረዲ በላይ በኩል ብቅ አለ። አዴ ሎሚ ከጓሮ ሆነው ጠሩት።

«ረዲ፣ ያ ቦይ ምን ሆነ?»

«አዴ ሎሚ፣ ዘንድሮኮ ዝናቡ የጉድ ነው።»

«ዝናቡን አልጠየቅሁህም።»

«ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሽቅብ ውጣ ልበለው?» ብሎ ሳቀ።

«ሽቅብ አይውጣ። ታፋ ያሳየውን መንገድ መልስለት ነው የምልህ።»

ረዲ ሳቁን ተወ። «አፈሩንኮ እርስዎም ተሸክመዋል። አገር አይቷል» አለ።

አዴ ሎሚ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ጭቃውን ማሸት ቀጠልኩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌ ሄዱ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ኦቦ ሞረዳ ናቸው። ረዲ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አስማሟቸው። ረዲ የዓመቱ ቡና ከወጣለት በኋላ በላይ በኩል ቦይ ሊያወጣ ቃል ገባ። እጅ ተመታ፣ ተመረቀ። ቡናው ወጣ። ረዲ ግን አዲስ ቦይ ቢያወጣ ግቢው ለሁለት ሊከፈልበት ነው፤ ጭነት ይዞ የሚገባው መኪና መዞሪያ ሊያጣ ነው። ዛሬ ነገ አለ። አዴ ሎሚ ኦቦ ሞረዳ ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

«ጎረቤት አይከሰስም ሎሚ። ታገሺ» አሏቸው ኦቦ ሞረዳ።

«እኔ እታገሣለሁ ኦቦ ሞረዳ። ግድግዳው ነው የማይታገሠው።»

ሁለተኛው ክረምት ከመጀመሪያው ባሰ። የጓሮው የማዕዘን ቋሚ ሥሩ በስብሶ ሰመጠ። ቋሚው ሲሰምጥ ቤቱ አዘመመ፣ በሩም አልገጥም አለ። አዴ ሎሚ አልጋቸውን ወደ ደጅ በኩል አወጡ፣ በሩን በጠፍር ማሰር ጀመሩ። ጠርተውኝ ሄጄ ማገሩን በጣቴ ብነካው እንደ ዳቦ ፈረሰ። ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ ሦስተኛ ክረምት ቢመጣበት ያ ቤት አይቆምም። ይሄን ልነግራቸው አልቻልኩም። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው አወቁ።

«ጊምቢ መሄዴ ነው በለኛ» አሉ።

እኔም እንዴት እንደ ወጣኝ አላውቅም፣ «ፍርድ ቤት እንሂድ» አልኩ።

«አቤት! ተናገረ!» አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምን ብዬ ነመራ? በእጄ ያፈሰስኩትን አፈር ልክሰስ?»

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። እዚያ ያለው ጸሐፊ በትሕትና አነጋገረን። የመንገድ ዳር ቦይ ቢሆን የማዘጋጃ ቤት ሥራ እንደ ነበረ፣ በሁለት ሰው ቦታ መካከል ያለው ግን የዳኛ ጉዳይ እንደ ሆነ ነገረን። ከዚያ ወደ አቶ ወልደገብርኤል ሄድን። አቶ ወልደገብርኤል ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። እሳቸውም ከጉራጌ አገር የመጡ ስለሆኑ አዴ ሎሚ ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ።

«የተከሳሹን ስም ሳልናገር አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሏቸው። «ተከሳሹ የአገርዎ ልጅ ቢሆንስ?»

«ረዲ ነው?» አሉ አቶ ወልደገብርኤል።

«ማን ነገረዎ?»

«ቤትዎ በየት በኩል እንደ ሆነ አውቃለሁ፣ መጋዘኑንም አውቃለሁ። ረዲ የአገሬ ልጅ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤቱ እበላለሁ። ማመልከቻዎን ግን እጽፋለሁ። ይቀመጡ።»

አዴ ሎሚ ተቀመጡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው፣ አፈር መሸከማቸውንም አልደበቁም። አቶ ወልደገብርኤል ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ የተናገሩትን እኔ በገባኝ መጠን እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄን ነውና።

ዳገት ላይ ያለው ውሃ በራሱ መንገድ ወደ ታች ቢወርድ የታች ሰው መቀበል አለበት፤ በዚያ ማንም አይከሰስም። ሰው መሬት ደልድሎ፣ ቦይ ደፍኖ፣ ጣራ ሠርቶ ውሃውን ቢያበዛው ወይም መንገዱን ቢያዞረው ግን ነገሩ የውሃ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሥራ ይሆናል። ያን ጊዜ የታች ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላል። አንደኛው «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል፤ የነበረው እንደ ነበረ ይመለስልኝ ማለት ነው። ሁለተኛው የፈረሰውን ካሰኝ ማለት ነው።

«አንደኛው ግን ጊዜ አለው» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። «ሁለት ዓመት። ካለፈ በኋላ ቢመጡ ያንን በር ዝግ ያገኙታል። ሽማግሌ አዘገየኝ ቢሉ ሕጉ አይሰማም። ደቦው መቼ ነበር?»

«ካቻምና በጥር» አልኩ።

«አሁን ኅዳር ነው። ዳኛው ሁለቱን ዓመት ከየት እንደሚቆጥሩት አላውቅም። ከደቦው ቀን ቢቆጥሩ የቀረን ሁለት ወር ነው። ዛሬ እንጽፋለን።»

«አፈሩስ?» አሉ አዴ ሎሚ። «የተሸከምኩት?»

«እሱ ነው የሚያስቸግረው። ረዲ ፈቅደው ነው ይላል። እርስዎ የፈቀዱት ግን አዲስ ቦይ ይወጣል ተብሎ ነው። ይሄን ሲናገር የሰማ ሰው አለ?»

አዴ ሎሚ ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ወልደገብርኤልም ዞሩ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«አለ» አሉ አዴ ሎሚ። «ግን አፍ የለውም።»

ለምን እንደ ፈራሁ ልንገር። ዳኛ ፊት መቆም አንዱ ነው። ሌላው፣ ረዲ ሱቁን እንድመርግለት ነግሮኝ ነበር። ሦስተኛው ግን እውነተኛው ነው። ረዲ ያለውን ከተናገርኩ ቦዩን በአካፋ የደፈንኩት እኔ መሆኔንም መናገር አለብኝ። በኋላ ብቻዬን አቶ ወልደገብርኤል ዘንድ ተመልሼ «እኔንስ አይከሱኝም?» አልኳቸው።

«አካፋ አይከሰስም» አሉኝ። ቀጥለውም «አካፋ ግን አይመሰክርም። አንተ አካፋ ነህ?» አሉ።

ችሎቱ በታኅሣሥ ሆነ። ዳኛው ሽበት ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አዴ ሎሚ በእኛ ቋንቋ ተናገሩ፣ አስተርጓሚው በአማርኛ አቀረበው። ረዲ ተራው ሲደርስ እንዲህ አለ፦ «ክቡር ዳኛ፣ ደቦውን የጠሩልኝ ራሳቸው ናቸው። አፈሩን በትከሻቸው ተሸክመው ቦዩ ውስጥ ያፈሰሱት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ በምን ይከሱኛል?»

ዳኛው አዴ ሎሚን «እውነት ነው?» አሏቸው።

አዴ ሎሚ አስተርጓሚውን ሳይጠብቁ በአማርኛ «እውነት ነው። ተሸክሜአለሁ» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልኩ። ዳኛው «የምታውቀውን ተናገር» አሉኝ። ምን እንደ ሆንኩ አላውቅም። ሁሉ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፣ ግን አይወጣም። አስተርጓሚው በእኛ ቋንቋ ደገመልኝ። አሁንም የለም። ከኋላዬ አንድ ሰው «በእጁ ጭቃ ስጡት፣ ያን ጊዜ ይናገራል!» አለና ሰው ሳቀ።

ቀልድ ነበር፣ እኔን ግን አዳነኝ።

«ክቡር ዳኛ» አልኩ፣ «ቦታው ላይ ላሳይ?»

አቶ ወልደገብርኤል በማመልከቻው መጨረሻ ቦታው እንዲታይ ብለው ጽፈው ነበር። ዳኛው ወረቀቱን ገለጡና «ሐሙስ ጧት እንሄዳለን» አሉ።

ሐሙስ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። መሬቱ ደርቋል፣ የውሃ ምልክት የለም። ረዲ ግቢውን አስጠርጎ ጠበቀን፤ «እስቲ ውሃው የታለ?» አለ። ግቢው ያምር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እኔ አካፋዬን ይዤ ከመጋዘኑ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካሁ፣ የአዴ ሎሚን ጣራ አየሁ። ያን ቀን የቆምኩበትን ቦታ እግሬ ያውቀዋል። ቆፈርኩ። አንድ ክንድ ያህል የተደለደለ ቀይ አፈር ነው። ከዚያ አፈሩ ጠቆረ፣ ለሰለሰ፤ ውሃ ለብዙ ዓመት ያመላለሰው ደለል ነው። ከዚያ አካፋዬ ድንጋይ ነካ። በእጄ ጠረግሁት። ጠፍጣፋው የወንዝ ድንጋይ ነው፣ ከአጠገቡ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

አዴ ሎሚ «የታፋ ድንጋይ» አሉ።

እኔ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ቆምኩ፣ ዓይኔን ድንጋዩ ላይ እንዳደረግሁ፣ ቃሉ መጣ። «የደፈንኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቆሜ ነው። ረዲን ይሄስ አልኩት። ድፈነው፣ ኋላ በላይ በኩል አዲስ እናወጣለን አለኝ። አዴ ሎሚ ከኋላዬ ነበሩ። ያፈሰሱት ይሄን ሰምተው ነው። እኔም ሰምቼ ነው። ኋላ መቼ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ በደቦ ላይ አይጠየቅም ብዬ ተውኩት።» ይሄን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም።

ዳኛው ወደ ረዲ ዞሩ። «ብለሃል?»

ረዲ ጉድጓዱን አየ። መካድ ይችል ነበር፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እሱም አንድ ሰው ነው። አዴ ሎሚ ጩምቦ ያቀረቡበት ቦታ ላይ ነበር የቆምነው። ምን እንዳሰበ አላውቅም።

«ብያለሁ» አለ። «ዘንግቼው አይደለም። እያዘገየሁት ነው ዓመቱ ያለፈው።»

ፍርዱ በጥር ተሰጠ። ረዲ የድሮውን ቦይ እስከ ሸለቆው ድረስ በራሱ ወጪ ከፍቶ፣ የጣራውንም ውሃ ወደዚያ አስገብቶ፣ ዝናብ ሳይጀምር እንዲጨርስ ተፈረደ። ለግድግዳውና ለቋሚው ግን ዳኛው ግማሹን ብቻ ነው የፈረዱት። ከሳሽ በሥራው ላይ ነበሩ፣ ቦዩ ሲደፈን እያዩ አልተቃወሙም አሉ። አቶ ወልደገብርኤል ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ነገሯቸው።

«ይግባኝ የለም» አሉ አዴ ሎሚ። «ልክ ነው። ከአፈሩ ግማሹ የእኔ ነው።»

በየካቲት ረዲ ወደ አዴ ሎሚ ቤት መጣ። በር ላይ ቆመ፣ አልገባም። እኔ ማገር እየቆረጥኩ ነበር። «አዴ ሎሚ፣ ቦዩን የሚቆፍር ሰው ልቀጥር ነው» አለ። «ግን... ደቦ ብጠራ ሰው ይመጣልኛል?»

«ይመጣል» አሉ አዴ ሎሚ። «እኔ እጠራልሃለሁ። አንድ ነገር ግን አለ። አካፋ መሬት ሳይነካ በፊት፣ አሳብ ያለው ሰው ሁሉ ይናገራል። አንተም ትሰማለህ። ደቦም ቢሆን።»

እንደዚያም ሆነ። ሰዉ መጀመሪያ አፍሮ ቆመ። ተለምዶ አያውቅማ። ኦቦ ሞረዳ እንኳ ዓይናቸውን ከዘራቸው ላይ አደረጉ። አዴ ሎሚ «አንተ አፍ የለሽ፣ ጀምር» አሉኝ። እኔም ቦዩ በመጋዘኑ ማዕዘን በኩል ትንሽ ቢሰፋ፣ በላዩ ላይ ጠርብ ቢጋደም፣ መኪናው መዞሪያ እንደማያጣ ተናገርኩ። ከዚያ ሁሉም ተናገረ፤ እንዲያውም በዛ። ሥራ የተጀመረው ረፋድ ላይ ነው። ረዲ ራሱ የታፋን ድንጋዮች በእጁ እያነሣ እያጠበ መለሳቸው። አዴ ሎሚ በዚያ ቀን ጩምቦ አልሠሩም። ንፍሮ ነበር። ማንም ለምን አላለም።

የግድግዳውን ሦስተኛ ምርጊት የመረግሁት መጋቢት ላይ ነው። ረዲ የፈረዱበትን ግማሽ ሰጠ። የቀረው የእሳቸው ግማሽ ነው፤ እሱን አላስከፈልኳቸውም፣ ሠርቼ ሄድኩ። አካፋው የእኔም ነበርና።

በግንቦት ዝናቡ ሲመጣ ሄጄ አየሁ። አዴ ሎሚ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ጓሮ ቆመዋል። ውሃው በቦዩ ውስጥ በድንጋዩ ላይ እየተንደረደረ ይወርዳል። ግድግዳው ደረቅ ነው። በሩ ግን አሁንም አይገጥምም፤ በትከሻ ሲገፉት ነው የሚዘጋው። አዲስ ቋሚ ገብቷል፣ የዘመመውን ቤት ሁሉ ግን አንድ ቋሚ አያቃናውም።

«ልጠርበው?» አልኳቸው በሩን።

«ተወው» አሉ። «ድርቤ ከጊምቢ ስትመጣ እንድታየው እፈልጋለሁ። ቤቱ የት ድረስ ሄዶ እንደ ተመለሰ።»

ለምትጠይቁኝ ሰዎች የምለው ይሄን ነው። ሽማግሌ ይቅደም፣ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱን ዓመት እየቆጠራችሁ ሂዱ። ዳኛው ቦታውን እንዲያይ ለምኑ፣ መሬት አይረሳምና። ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤታችሁ መሬት ሲደለድል ጠርቷችሁ አካፋ ብትይዙ፣ ውሃው በየት ይሄዳል ብላችሁ ያኔውኑ ጠይቁ። ነውር ይመስላል። እኔም ነውር መስሎኝ ነበር።